ኳስ ሳይነኩ መምታት

የፖርት ሃርዊን እግር ኳስ ክለብ ቡድኑ ለምን እንደሚሸነፍ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር። ኮሚቴው በጋውን ሙሉ ላይ ታች ሲል ከርሞ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ ተጫዋቾቹ ኳስ መምታት አይችሉም። ግኝቱ ቦርዱን ክፉኛ አስደነገጠ። ለዓመታት በሜዳው አጥር ላይ ተደግፈው "ኧረ ምታው፣ አንተ ከብት!" እያሉ ሲጮኹ የኖሩት ደጋፊዎች አልደነገጡም፤ እነሱን ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

በዚህ በአውስትራሊያ ደቡብ የሚጫወቱት እግር ኳስ ርኅሩኅ ጨዋታ ነው። በሜዳው ጫፍ አራት ምሰሶ ተርታውን ይቆማል። በእጅ የሚያዘውን እንቁላል መሳይ ኳስ በመሃለኞቹ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል መትቶ ያሳለፈ ስድስት ነጥብ ያገኛል። ከነሱ በስተጎን ባለው ክፍተት ያሳለፈ፣ ማለትም የሳተ፣ ለድካሙ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ፖርት ሃርዊን ዓመቱን ሙሉ የኖረው በዚህች የድካም ዋጋ ነው።

ቦርዱ መፍትሔ ብሎ ክላይቭ ራትሪጅን የመምታት አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። ክላይቭ ጫማውን ከሰቀለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በዘመኑ ኳስን ቀጥ አድርጎ በመምታት የሚስተካከለው ስላልነበረ ሰዉ ሁሉ "ወልጋዳው" ይለዋል። የአገሩ ሰው ግዙፉን "ሚጢጢ"፣ ዝምተኛውን "ለፍላፊው" ብሎ ካልጠራ የበላው ምሳ አይስማማውም። ወልጋዳው ከጨዋታ ከተሰናበተ ወዲህ የቧንቧ ዕቃ ሲሸጥ ኖሮ እሱም በቃኝ ብሎ ቤት ተቀምጦ ነበር። ክለቡ ሲደውልለት ደስታውን ለመደበቅ ሞከረ፤ አልቻለም።

"ምን አሉህ?" አለችው ሚስቱ ግሌኒስ።

"ኳስ መምታት አስተምርልን አሉኝ።"

"ማንን?"

"ተጫዋቾቹን።"

"ኳስ ተጫዋቾቹን?"

"አዎ።"

"በል ሂድ። የማይዋኝ ዓሣ አለን ብለው ቢጠሩህም ሂድ። ብቻ ከዚህ ሶፋ ላይ ተነስልኝ።"

በማግስቱ ማልዶ አሮጌ ኳሱን በብብቱ ይዞ ክለቡ በር ላይ ደረሰ። ጥበቃው አስቆመው።

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"ኳስ።"

"ለምን?"

"ለመምታት።"

ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየው። "ወዳጄ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ያልተመዘገበ ኳስ አይገባም" አለና ኳሱን ተቀብሎ ከጃንጥላዎቹ አጠገብ አስቀመጠው። ወልጋዳው የመጀመሪያ የሥራ ቀኑን ባዶ እጁን ጀመረ።

ውስጥ የተቀበለው ዶክተር ፊኒያን ስፕሮት ነበር፤ የከፍተኛ ብቃት ዳይሬክተር። ዶክትሬቱን የሠራው በእሽቅድምድም ፈረሶች እንቅልፍ ላይ ሲሆን፣ ፈረሶቹ ቢነቁ ኖሮ ስለ ጥናቱ ምን እንደሚሉ አይታወቅም። ከእጁ የማትለይ ታብሌት ነበረችው። ሰው ሲያናግረውም የሚያየው ሰውየውን ሳይሆን ታብሌቷን ነው።

"ወልጋዳ፣ ወዳጄ! እንኳን መጣህልን። ገና ከመነሻው እንድንግባባ ያህል፣ እኛ እዚህ 'መምታት' አንልም።"

"ታዲያ ምን ትላላችሁ?"

"የእግር ጭነት። እያንዳንዱ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆጣሪ አለው። እግሩ ስንት ጊዜ እንደተነሳ፣ ልቡ እንዴት እንደመታ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ሁሉም እዚህች ላይ ይመጣል። አረንጓዴ ከሆነ ጤና ነው። ቀይ ከሆነ እግሩ የሳምንት ኮታውን ጨርሷል፤ ያርፋል።"

"ጎበዝ። መቼ ነው እንግዲህ የምናሠራቸው?"

"ሰኞ ማገገሚያ ነው። ማክሰኞ በረዶ ውስጥ ይቀመጣሉ። ረቡዕ ዕረፍት ነው። ሐሙስ የስፖንሰሮች ቀረጻ አለ፣ እዚያ ላይ በደንብ ይመታሉ፣ ግን ለካሜራ ነው። ዓርብ የጨዋታ ዋዜማ ስለሆነ እግር አይነካም።"

"እና እኔ መቼ ላስተምር?"

"በፈለግህ ሰዓት!" አለ ዶክተር ስፕሮት ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። "ሙሉ ነጻነት አለህ። ኳስ ብቻ እንዳይኖር።"

ወልጋዳው እልኸኛ ነው። ኳስ ከሌለ አየር አለ ብሎ ልጆቹን ሜዳ ላይ ደርድሮ አየር እንዲመቱ አደረገ። አንድ ረድፍ ጎረምሳ ባዶ ሜዳ ላይ ባዶ አየር ሲራገጥ በአጥሩ በኩል ያለፈች ሴትዮ ለፖሊስ ልደውል ወይስ ለአምቡላንስ ብላ ቆመች። እሷ ሳትወስን ዶክተር ስፕሮት እየሮጠ መጣ። ታብሌቷ ከዳር እስከ ዳር ቀልታለች። በሳይንስ ዓይን ኳስ ከመምታት ይልቅ ኳስ አለመምታት ጉልበት ይጎዳል፤ ምክንያቱም እግሩን የሚያስቆመው ነገር የለም። አየርም ተከለከለ።

ስለዚህ ወንበር ላይ አስቀምጦ ዓይናቸውን ጨፍነው እየመቱ እንደሆነ እንዲያስቡ አዘዛቸው። ይህ ትምህርት ጥቂት ሳምንት ሄደ። ውጤቱም ጥሩ ነበር፤ በሐሳባቸው አንድም ኳስ አልሳቱም። ኋላ ግን ቆጣሪው ሲያስቡ ልባቸው በፍጥነት እንደሚመታ አሳበቀ፣ ስለዚህ ማሰብም በኮታ ሆነ። የተረፈው ግድግዳ ነበር። የክለቡ የገጽታ ግንባታ ክፍል የወልጋዳውን ፍልስፍና በትልልቅ ፊደል ልጻፍልህ ቢለው "ፍልስፍና የለኝም፣ ኳስ ስጡኝ" አለ። ይህን ለግድግዳ የማይመች ሆኖ ስላገኙት በምትኩ "ከመምታትህ በፊት ማን ነህ?" የሚል ጻፉለት።

ጥያቄውን የመለሰ አንድ ተጫዋች ብቻ ነበር። ኦሪን ስካሊ የሚባል የወተት ገበሬ ልጅ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብስ፣ ጎል አግቢ ተብሎ ተቀጥሮ ጎል የማያገባ አጥቂ ነው። ከጽሑፉ ሥር በእስክሪብቶ "ዘንድሮ ውሌ የሚያልቅ ሰው ነኝ" ብሎ ጻፈ።

እውነቱን ነው። የክለቡ ሥራ አስፈጻሚ ማርጎ ፔል ልጁን ቢሮዋ ጠርታ፣ ሻይ ሳታቀርብለት፣ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ቀጥ አድርጎ መምታት ካልቻለ ወደ ላሞቹ እንደሚመለስ ነግራዋለች። ኦሪን ላሞቹን አይጠላም። ነገር ግን መንደሩ በሙሉ የሱን ስም ጀርባው ላይ ያለበት ማልያ ገዝቷል፤ ያንን ማልያ ለብሰው ላም ሲያልቡ እያየ ምን ፊት ይዞ ይገባል?

በምሳ ሰዓት ወልጋዳው ፊት መጥቶ ተቀመጠ።

"ወልጋዳ፣ አትደብቀኝ። ምኔ ነው የተበላሸው?"

"እኔ ምኑን አውቄ? በልምምድ አንድም ቀን ስትመታ አላየሁህም።"

"እየቀለድክ ነው?"

"ስትቀመጥ አይቼሃለሁ። አቀማመጥህ እንከን የለውም።"

ልጁ ሊስቅ ከጀለና ተወው። ዓይኑ እንባ ማቅረሩን ወልጋዳው አየ። አየና በራሱ አፈረ፤ ለካ ወራቱን ሁሉ ደመወዝ እየተቀበለ ሰው ሲያስቀምጥ ነው የከረመው።

"እሑድ ምን ትሠራለህ?" አለው።

"አርፋለሁ። ታዝዤ።"

"በል ባሕሩ ዳር ናና አብረን እንረፍ።"

ሲወጣ ጥበቃው ዘንድ ጎራ ብሎ ኳሱን ወሰደ። ጥበቃው "ልትመታው ነው?" ቢለው "አይ፣ ጡረታ ላወጣው ነው" አለው።

እሑድ ጠዋት አሸዋው ላይ ሁለት የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ተተከለ። ግሌኒስ የሥጋ ፓይ በፎይል ጠቅልላ መጣች። ውሻቸውም መጣ። አንድ ዓይኑ ስለማያይ ስሙን "ዳኛው" ብለውታል፤ ሥራው የተሳተውን ኳስ ከባሕር ማውጣት ነበር። ያን ቀን እንደዋኘ ዋኝቶ አያውቅም።

ኦሪን መጀመሪያ የመታው ኳስ ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ሄዶ ፀሐይ የሚሞቅ ሰውዬ አጠገብ ወደቀ። ወልጋዳው እጁን አነሳ።

"አየሁት። ኳሷን ከመምታትህ በፊት ወደ ላይ ትወረውራታለህ። አትወርውራት። አውርደህ እግርህ ላይ አስቀምጣት።"

"እንዴት አድርጌ?"

"ለአክስትህ እንቁላል ስታቀብል እንዴት ነው? ትወረውርባታለህ?"

"አክስቴን ብታውቃት እወረውርባት ነበር።"

"ለምትወዳት አክስትህ!"

ልጁ እንደተባለው አደረገ። ኳሷ እየተሽከረከረች በዘንጎቹ መካከል ቀጥ ብላ ሄደች። ዳኛው ግራ ተጋብቶ ቆመ፤ የሚያወጣው ነገር አልነበረም።

"ትምህርቱ ይኸው ነው?" አለ ኦሪን።

"ይኸው ነው። የቀረው መድገም ነው።"

"ለዚህ ነው ዓመቱን ወንበር ላይ የዋልነው?"

"ዝም ብለህ ድገም" አለች ግሌኒስ አፏ ፓይ ሞልቶ።

ክረምቱ እስኪያልቅ እሑድ ካልመጣ ብለው ይናፍቁት ጀመር። በዝናብ መቱ፣ በንፋስ መቱ። ክለቡ በበኩሉ በየሳምንቱ ስብሰባ ያደርጋል። ዶክተር ስፕሮት ታብሌቷን ግድግዳ ላይ እያበራ ቡድኑ የሚስታቸው ኳሶች ከአምናው ይልቅ ወደ ጎሉ የቀረቡ መሆናቸውን ያስረዳል፤ ማርጎ ፔልም ታጨበጭባለች። ኦሪን በጨዋታ ላይ ጎል ማግባት ሲጀምር፣ ዕረፍቱ መሥራት ጀመረ ተባለ።

የመጨረሻው መደበኛ ጨዋታ ደረሰ። ያሸነፈ ወደ ማጣሪያው ያልፋል፣ የተሸነፈ ጫማውን ይሰቅላል። ፖርት ሃርዊን በአምስት ነጥብ ተበልጦ ቆይቶ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ረጅም ኳስ ወደ ጎሉ ተላከ። ኦሪን ከሦስት ሰው ትከሻ በላይ ዘሎ ኳሷን በአየር ላይ ቀለባት። ያኔ የማብቂያው ሳይረን ጮኸ።

በዚህ ጨዋታ ኳስ በአየር ላይ የቀለበ ሰው ማንም ሳይነካው የመምታት መብት አለው፤ ሳይረን ቢጮኽም አንዴ ይመታል። ጎል ከሆነ ስድስት ነጥብ፣ ፖርት ሃርዊን ያልፋል። ከሳተ አንድ ነጥብ፣ አልቋል። ሜዳው ጸጥ አለ።

በተጠባባቂዎቹ ወንበር በኩል ግን ታብሌቷ ጮኸች። ቀይ።

"አይምታ!" አለ ዶክተር ስፕሮት። "ሐሙስ ለስፖንሰሩ የቁርስ እህል ማስታወቂያ ሲመታ ውሎ ኮታው አልቋል። ለሌላ ያቀብል!"

"ሳይረኑ እኮ ጮኸ" አለ ወልጋዳው። "ማቀበል የለም። እሱ ካልመታ ጨዋታው አለቀ።"

"ወዳጄ፣ ሽንፈት ይድናል። ጅማት ግን..."

ዋና አሰልጣኙ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። ከታብሌቷ ጋር ተጣልቶ በፖርት ሃርዊን የሰነበተ አሰልጣኝ የለም። ትእዛዝ የሚያመላልሰው መልእክተኛ እየሮጠ ሜዳ ገብቶ አትምታ መባሉን ለኦሪን ነገረው። ኦሪን ሰማ። ከዚያ ዘወር ብሎ ወልጋዳውን ፈለገ። ወልጋዳው አልጮኸም፣ እጁንም አላወናጨፈም፤ ለአንዲት የምትወደድ አክስት እንቁላል እንደሚያቀብል ሰው መዳፉን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

ኦሪን መታ። ኳሷ በመሃለኞቹ ምሰሶዎች መካከል ቀጥ ብላ አልፋ ደጋፊው ውስጥ ገባች። የጎል ዳኛው ሁለቱን ባንዲራ ሲያውለበልብ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ በደስታ የወረወረው ፓይ ከነቲማቲም ስጎው የቦርዱ ሊቀ መንበር ኮት ላይ አረፈ። ወልጋዳው አለቀሰ። ምን ሆንክ ሲሉት ፀሐይዋ ነች አለ፤ ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማርጎ ፔል ቢሮ ተሰበሰቡ። ዶክተር ስፕሮት ንግግሩን የጀመረው በእርጋታ ነበር።

"የቅዳሜው ጎል ያለመምታት ፕሮግራማችን ፍሬ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ እግር ሲመታ እንዲህ ነው የሚመታው። ይሁንና አንድ የሚያሳዝን ነገር ደርሰንበታል።" ታብሌቷን አዞረ። "እሑድ እሑድ፣ ባሕሩ ዳር፣ ያልተፈቀደ የእግር ጭነት።"

ኦሪን ወደ ቁርጭምጭሚቱ አየ። ቆጣሪውን አንድም እሑድ አውልቆት አያውቅም፤ አታውልቅ ስለተባለ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ወልጋዳው።

"ክላይቭ" አለች ማርጎ፣ በቅጽል ስም መጥራቱን ትታ። "ምን አድርገን ነበር የቀጠርንህ?"

"የመምታት አሰልጣኝ።"

"ከጀርባችን ሄደህ ስትሠራ የተገኘኸውስ ምንድን ነው?"

"መምታት ሳሰለጥን።"

"አየኸው?" አለች ማርጎ፣ በእውነት አዝና። "አንተ ራስህ ተናገርከው።"

ከሥራ ተሰናበተ። ኦሪን "እሱ ከሄደ እኔም..." ብሎ ሊነሳ ሲል ወልጋዳው በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠው። ቆጣሪው ይህንንም መዘገበ። ልጁ አዲስ ውል ተሰጠው፤ ማልያዎቹ ተረፉ። ቀኝ እግሩ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የክለቡ ሀብት ተብሎ በልምምድም ሆነ ከልምምድ ውጭ ኳስ እንዳይመታበት ታዘዘ። ቆጣሪውም ሌት ተቀን እንዳይወልቅ ተባለ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ወልጋዳው ባሕሩ ዳር ብቻውን ለዳኛው ኳስ ይወረውር ነበር። የመሰናበቱ ነገር ሳይሆን የልጁ እግር መታሰር ነበር ያንገበገበው። ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ኦሪን ጫማውን አውልቆ አሸዋው ላይ ቆሟል።

"ተከልክለሃል እኮ፣ አንተ ልጅ።"

"ቀኙን ነው። ስለ ግራው ማንም ምንም አላለም።"

"ግራህ ይመታል እንዴ?"

"በጭራሽ። ላም የሚያባርር እግር እንኳ አይደለም።"

የወልጋዳው ፊት በራ። ከባዶ የሚጀመር እግር! "ቆጣሪውስ?" አለ።

"ከእግር እንዳይለይ ነው ያሉኝ" አለ ኦሪን። ፈታውና ዳኛውን ጠርቶ የኋላ ቀኝ እግሩ ላይ አሰረለት። "የማን እግር እንደሆነ አልነገሩኝም። ሳምንቱን ይሰንብትበት።"

ዓርብ ረፋድ ግሌኒስ ማዕድ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ኦሪን ግራ እግሩን ዘርግቶ ፓይ ይበላል፣ ወልጋዳው ስጎ ያቀብለዋል። ዳኛው በሩ ላይ ተጋድሟል። ሬዲዮው የዶክተር ስፕሮትን ጋዜጣዊ መግለጫ በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር።

"የኦሪን ስካሊን የዚህ ሳምንት ቁጥሮች ሳይ እንባዬ መጣ" ይላል ዶክተሩ። "ከፈረሶቹ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ቀኑን ከሞላ ጎደል ተኝቶ ይውላል። ሲነሳ ያለ ማሟሟቂያ ሙሉ ፍጥነት ውስጥ ይገባል። ልቡ የሻምፒዮን ልብ ነው። ኳስም አልመታም። ለነገው ማጣሪያ ቡድኑ በሙሉ የሱን ፕሮግራም እንዲከተል ወስነናል።"

ዳኛው ጆሮውን አከከና ተነሳ። እየተንጎራደደ ወደ ግቢው ወጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ፣ እንጨቱን አሸተተ።

በሬዲዮው ውስጥ የታብሌቷ ድምፅ ተሰማ።

"ይቅርታ፣ ጋዜጠኞች" አለ ዶክተር ስፕሮት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ኦሪን ቀኝ እግሩን አነሳ። ብቻውን፣ ወደ ጎን፣ ሚዛኑ ሳይዛነፍ። አሁንም አላወረደውም! ተመልከቱ፣ ይህ ፍጹም የሆነ የእግር አነሳስ ነው። ልጆቹ ዛሬውኑ ይለማመዱትና ነገ ሜዳ ላይ ታዩታላችሁ፤ እያንዳንዳቸው፣ ጎሉ ፊት።"

ግሌኒስ በመስኮቱ ዳኛውን አየችው፣ ወደ ሬዲዮው ዞረች፣ ደግማ ዳኛውን አየችው።

"ነገ" አለች፣ "የጎሉን ምሰሶ አያድርገኝ።"